ጢን እና ጧን

የካቲት ነው፤ ቱርኩ። ወንዙ ድንጋይ ሆኗል፣
ጋራዡን ለሰው ትቼ መጥቻለሁ ዛሬ፤ እጄ ናፍታ ይሸታል።
ነርሷ ሳይያ ጸጉሬን በቀዝቃዛ ቅባት እየከፋፈለች
ስልሳ አራት ሽቦ ባዘለ ቆብ ራሴን ጠቀለለች።
«ፊልሙን ብቻ እየው፤ ድምፁን አትስማው፣
አንተ ባትሰማውም አንጎልህ ነው የሚሰማው።»

ፊልሙ ስለ ንብ ነው፤ ንቦቹ ግን ዲዳ፣
ቀፎ ሙሉ ሥራ፣ ዝምታው እንግዳ።
በጆሮዬ ደግሞ፦
ጢን፣ ጢን፣ ጢን፣ ጢን፣ ጢን፣
ጢን፣ ጢን፣ ጧን፣ ጢን።

ይኸው ነው በቃ። ለዚህ ነው የሚከፈለኝ፣
ለክረምት ጎማ የጎደለኝን ሊሞላልኝ።

ባለፈው ሳምንት ዶክተሩ በወረቀት ሣለልኝ፦
«ጢን ሲደጋገም» አለኝ፣ «አንጎል ይሰለቻል፣
ከቤት ዕቃ ቆጥሮ ጭራሽ ይረሳዋል፤
ጧን ስትመጣ ግን፣ አንተ ሳታውቅ፣ ዐይንህ ንቡ ላይ እንዳለ፣
ከሩብ ሰከንድ ባነሰች ጊዜ ውስጥ
አንዲት ትንሽ ማዕበል ትነሣለች ከውስጥ፤
‹ይህችኛዋ ሌላ ናት› ትላለች።»

ይህን እኔ አውቀዋለሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ያናገረኝ፤
ከስድስት ሲሊንደር አንዱ ካነከሰ
ሻይ በእጄ እንደያዝሁ አንገቴን መለሰ።

ያን ዕለት በደም ሥሬ የገባው ምን እንደሆነ
ነርሷም አታውቀው፣ እኔም አላውቀው፤ ደንቡ እንዲያ ነው፤
ጨው ያለበት ውሃ ይሆናል፣ ወይም መድኃኒቱ።
ዛሬ ግን አወቅሁ።
ከከንፈሬ ጀመረ፤ ከንፈሬ የሌላ ሰው ሆነ፣
ጣሪያው ሽሽት ያዘ፣ ጉልበቴ ተነነ።
ኬታሚን ነው ስሙ፤ ክንዱ የተሰበረን ልጅ ሐኪም የሚያስተኛበት፣
እዚህ ግን በጥቂቱ፣ ለማስተኛት ሳይሆን ለመጠየቅ የሚሰጡት።

ጢን።
አዲስ ነበረች።
ጢን።
እርሷም አዲስ፣ ኮቷን ሳታወልቅ በሬ ላይ የቆመች።
ጢን። ማን ናት? ጢን። ደግሞ ይህችስ?
ጧን መጣች መሰለኝ፤ ወይ አልመጣችም ይሆናል፣
ሁሉም እንግዳ ሲሆን ማን ፊት ይለያል?
ማዕበሏን ጠበቅኋት። ባሕሩ ዝርግ ነው።

ያኔ ነው ወንድሜን ያሰብሁት። ታኔሊን።
እርሱን ማንም መርፌ አልወጋውም፣ ማንም ብር አልከፈለውም፤
በሃያ ዓመቱ፣ አንድ መኸር፣ በራሱ ጊዜ መጣበት።
ፍሪጁ ሲያጉረመርም «ስሜን ጠራኝ» ብሎ
በውድቅት ሌሊት ሶኬቱን ነቅሎ
ወተቱ ኮምጥጦ፣ ዓሣው ቀልጦ ወለሉን ሲሞላው፣
«ፍሪጅ ነው እኮ!» ብዬ ጮኽሁበት፣ እንደ ሕፃን ልጅ ስቆጣው።
«ዝም ብለህ እለፈው!»
ዝም ብሎ ማለፍን፣ ለካ፣ የሚሰጥ በረኛ አለ፤
የእኔ ለአርባ ደቂቃ ፈቃድ ወጣ፣
የእርሱ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ ገና አልመጣ።

ነጠላ ጠብታዋ ስታበቃ ጣሪያው ወደ ቦታው ተመለሰ፣
ሳይያ ቅባቱን በፎጣ ጠረገችልኝ።
«ምን ተሰማህ?» አለች፣ ከአንድ እስከ አሥር እንድቆጥርላት።
ወረቀቱ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን አጣሁ፤
ሰባት አልኳት።

ጋራዥ አልተመለስሁም። አውቶቡስ ቁጥር ሠላሳ ሁለት ያዝሁ፣
ጸጉሬ እንደ ረጠበ፣ ውርጩ ጆሮዬ ላይ እያፏጨ።
ታኔሊ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተ።
«ፍሪጁን ልስማው» አልሁት።

ወጥ ቤቱ መሬት ላይ ተንበረከክሁ፣ ጆሮዬን ከጀርባው አስጠግቼ፤
እውነትም፣ እውነትም ያንኳኳል!
መጭመቂያው አንድ እግሩ ላልቷል፣ በየሦስተኛው ምት ያነክሳል።
«ልክ ነህ» አልሁት። «ታሟል።»
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ከእኔ ሰምቶ አያውቅም።

ብሎኑን አጠበቅሁ።
«አሁንስ?»
አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ ቆየ።
«አሁንም» አለ።

ወንበር ስቤ ከጎኑ ተቀመጥሁ።
ጢን።
ጢን።